አዛዡ ሲናገር፣ ሐኪሙ ምስጢር ሲጠብቅ፦ የአሜሪካ አየር ኃይል የጉዳይ ጥናት

ወንዶች ስለ አእምሮ ጤናቸው እንዲያስቡ የሚመክሩ መልእክቶች እጥረት የለብንም። «አይዞህ፣ ተናገር፤ መናገር ድክመት አይደለም» ይላሉ። ምክሩ ክፋት የለበትም። ሰሚው በሆዱ የሚያነሳውን ጥያቄ ግን አይመልስለትም፦ እሺ ተናገርኩ፤ ከዚያስ? ሥራዬ ላይ እቆያለሁ? እድገቴ አይዘገይም? አለቃዬ ነገም በትናንቱ ዓይን ያየኛል? ወንድ ልጅ ችግሩን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ሲይዘው ሁሌ ከኩራት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። መናገር የሚያስከፍለውን ከዝምታው ጋር ያመዛዝናል፤ ዝምታው ይረክስለታል፤ ዝም ይላል።

እዚህ የማቀርበው ይህን ሒሳብ ለመለወጥ የሞከረ አንድ ትልቅ ተቋም ታሪክ ነው። ተቋሙ የአሜሪካ አየር ኃይል ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው በ1990ዎቹ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመረጥኩት ለወታደር ቤት የተለየ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። አባላቱ በብዛት ወንዶች ናቸው፤ ባህሉ ደካማ መስሎ መታየትን አጥብቆ ይጠላል፤ የተሠራው ሥራም ከነውጤቱና ከነድክመቱ ተመዝግቧል። ሦስቱ አንድ ላይ የተገናኙበት ጉዳይ እንደ ልብ አይገኝም።

ሐኪሙ ነበረ፣ ታካሚው አልመጣም

በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉ ሰዎች መካከል የወንዶቹ ቁጥር የሴቶቹን እጥፍ ያህላል። ወደ ሐኪምና ወደ አማካሪ ቀድመው የሚሄዱት ግን በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «አገልግሎቱ የለም» ወይም «ውድ ነው» የሚል ነው። በብዙ ቦታ ይህ እውነት ነው። የአየር ኃይሉን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ግን ይህ ሰበብ አለመሥራቱ ነው። ወታደሩ ለሕክምና ከኪሱ አይከፍልም፤ ሐኪሞቹም የዚያው የጦር ሠፈር ሰዎች ናቸው። ደመወዝ አለው፣ መኖሪያ አለው፣ በየቀኑ የሚያየው የቅርብ አለቃ አለው።

ይህ ሁሉ እያለ፣ ከ1990 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ከሞቱት የአየር ኃይሉ መደበኛ አባላት ውስጥ 23 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት ራሳቸውን አጥፍተው ነበር። ከድንገተኛ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነበር። በ1994 ቁጥሩ ከ100,000 አባላት ከ16 በላይ ደረሰ። የሟቾቹ ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመረመር አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይመጣ ነበር፦ የፈረሰ ትዳር ወይም ፍቅር፣ የሕግ ጣጣ፣ ዕዳ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር። አብዛኞቹ በአእምሮ ጤና ክሊኒኩ ደጃፍ አላለፉም።

ለምን አላለፉም? ክሊኒኩ የሚጽፈው ማስታወሻ ለአዛዥ ሊደርስ ይችላል፤ ወታደሩም ይህን ያውቃል። አብራሪ ከሆነ ከበረራ መታገድ አለ። ምስጢራዊ ሰነድ የሚይዝ ከሆነ የደኅንነት ፈቃዱ ሊነካ ይችላል። የማዕረግ እድገት የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ «እሱ እንኳ ትንሽ...» የምትል ያላለቀች ዓረፍተ ነገር ብቻ ትበቃለች። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖርን ሰው «ለምን አትናገርም?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የ1996 ግንቦት

በግንቦት 1996 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ አድሚራል ጀረሚ ቡርዳ ራሱን አጠፋ። ቡርዳ ከተራ መርከበኛነት ተነስቶ የባሕር ኃይሉ ቁንጮ ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነበር። በዚያን ሰሞን ደረቱ ላይ ያደረጋቸው አንዳንድ የሜዳይ ምልክቶች ይገቡታል ወይስ አይገቡትም የሚል የጋዜጠኞች ጥያቄ ተነስቶበት ነበር። አንድን ሞት በአንድ ምክንያት መተንተን ስህተት ስለሆነ ከዚህ አልፌ አልሄድም። ሞቱ በጦሩ ውስጥ የፈጠረው ድንጋጤ ግን ግልጽ ነው፦ ማዕረግ፣ ክብርና ስኬት ማንንም እንደማይከልሉ ሁሉም አየ።

የአየር ኃይሉ ኢታማዦር ሹም ጄኔራል ሮናልድ ፎግልማን በዚያው ወር አንድ ቡድን እንዲቋቋም አዘዘ። ብልሃቱ በቡድኑ አወቃቀር ላይ ነበር። ጉዳዩ ለሐኪሞች ብቻ አልተተወም። የሕግ ባለሙያዎች፣ የወንጀል መርማሪዎች፣ የሃይማኖት አገልጋዮች፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የቤተሰብ ድጋፍ ክፍሎች፣ አዛዦች፣ ከውጭም የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ተጨመሩበት። አስቡት፤ የክስ ሰዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ክስ የተመሠረተበት ወታደር የሚደርስበትን ጭንቀት ማን ያነሳ ነበር? የደመወዝና የዕዳ ጉዳይ የሚያውቀውስ የትኛው የአእምሮ ሐኪም ነው? ቡድኑ ራስን ማጥፋት የክሊኒክ ብቻ ሳይሆን የመላው ማኅበረሰብ ጉዳይ ነው ብሎ 11 ሥራዎችን ነደፈ። ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። ዓመታዊ ሥልጠና፣ የመረጃ አሰባሰብ፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚሰጥ ድጋፍ የመሳሰሉት ብዙ ተቋማት የሚያደርጓቸው ናቸው። እኔ የምቆየው የወንዱን ሒሳብ በቀጥታ በነኩት ሦስቱ ላይ ነው።

ከላይ የወረደው ቃል

የመጀመሪያው የአዛዡ አፍ ነው። ኢታማዦር ሹሙ ለመላው ኃይል በየጊዜው መልእክት ያስተላልፍ ጀመር። የመልእክቱ አንድ ወገን ለወታደሩ ነበር፦ ሲከብድህ እርዳታ ጠይቅ። ሌላው ወገን ለአዛዦች ነበር፣ ክብደቱም እዚያ ላይ ነው፦ እርዳታ የጠየቀን ሰው አትቅጡ፤ ጥበቃ አድርጉለት፤ ወደ ሕክምና የሚሄድበትን መንገድ ክፈቱለት። ፎግልማን በ1997 ከሥልጣኑ ሲለቅ የተኩትም መልእክቱን ቀጠሉበት።

በወታደር ቤት ቃል ከላይ ሲወርድ ትርጉም አለው። የሻምበሉ አመለካከት ባንድ ቀን ይለወጣል ማለት አይደለም። ቢያንስ ግን በሕመምተኛ ላይ መቀለድ አለቃን ደስ የማያሰኝ ነገር መሆኑን ይረዳል። ይህ ትንሽ ለውጥ ይመስላል። በሥራ ቦታ የኖረ ሰው ግን የሚቀለድበትና የማይቀለድበት ጉዳይ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል። ደግሞም መልእክቱ አንዴ ተነግሮ የሚረሳ አልነበረም፤ በመኮንኖችና በበታች ሹማምንት ትምህርት ውስጥም ገባ። ስለዚህ አንድ ሰው አዛዥ ሆኖ ሲሾም፣ ወታደሩን ወደ አእምሮ ጤና ክሊኒክ መላክ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ተምሮ ይመጣል።

በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው

ሁለተኛው እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ነው፤ ምክንያቱም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

አንድ ወታደር በወንጀል ተጠርጥሮ ወደ መርማሪዎች ይጠራል እንበል። ክፍሉ ገብቶ ይቀመጣል። የተጠረጠረበት ነገር ይነገረዋል፤ ጥያቄ ይወርድበታል፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ሲያልቅ «መሄድ ትችላለህ» ይባላል። በቀድሞው አሠራር ይህ ሰው ብቻውን ወጥቶ፣ ብቻውን መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ብቻውን ቤቱ ይሄድ ነበር። ሚስቱ ምን እንደምትል፣ ልጆቹ ምን እንደሚሰሙ፣ ነገ ሥራ ቦታ ማን ምን እንደሚያወራ እያሰበ። ዓለሙ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተገለበጠበት ሰው ለዚያች ሌሊት የሚጠይቀው የለም። ምርመራ ላይ ያለ ሰው ለአደጋ እንደሚጋለጥ ደግሞ ከሟቾቹ ታሪክ ታውቋል።

አዲሱ መመሪያ መርማሪዎቹ ሰውዬውን እንዲሁ እንዳይለቁት አዘዘ። ምርመራው እንዳለቀ አዛዡ ወይም የአዛዡ ተወካይ መጥቶ እጅ በእጅ ይረከበዋል። መርማሪው የተጠርጣሪውን ሁኔታ ለተረካቢው ይነግረዋል፤ ተረካቢውም ሰውዬው ምን ላይ እንዳለ ያያል፣ ያነጋግረዋል፣ የሚያሰጋ ነገር ካለ ወደ ሐኪም ይወስደዋል። ተረካቢው የሥነ ልቦና ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት እዚያ መገኘት ነው።

የዚህ አሠራር ጥበብ «ተናገር» አለማለቱ ነው። በዚያች ሰዓት ያለ ሰው ተነስቶ እርዳታ ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን እርምጃ የሚወስደው ሌላው ሰው ሆነ፤ ያም በበጎ ፈቃድ ሳይሆን በመመሪያ። አየር ኃይሉ በኋላ ለባልደረቦች ያስተማረው አጭር ቀመርም በዚሁ መንፈስ የተቃኘ ነው፦ ጠይቀው፣ አስብለት፣ አብረኸው ሂድ። በሦስተኛው ላይ ልብ በሉ፤ «ክሊኒክ ሂድ በለው» አይልም።

ሐኪሙ የማይናገረው

ሦስተኛው የምስጢር ጉዳይ ነው። በሰኔ 1996 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታካሚ ለሥነ ልቦና ሐኪሙ የነገረው በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥበቃ እንዳለው ወሰነ። በወታደራዊ ፍርድ ቤት ግን ለዚህ የሚሆን ደንብ እስከ 1999 ድረስ አልነበረም። ስለዚህ ክስ ያለበት ወታደር ሐኪም ፊት ቀርቦ የልቡን ቢያወጣ፣ ያወጣው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊመለስበት ይችል ነበር። ጠበቃው ምን ይመክረው ነበር? ዝም በል፣ ነው። የሕግ ምክሩ ትክክል ነበር፤ ለሰውዬው ሕይወት ግን አደገኛ።

አየር ኃይሉ ይህን ቋጠሮ በተወሰነ የምስጢር መብት ፈታው። ምርመራ ላይ ያለ አባል ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ሲሰጋ፣ በዚህ ሥርዓት ሥር ሆኖ ለአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚነግረው ነገር በወታደራዊ ፍርድ ቤት ክስ ላይ እንዳይቀርብበት ተደረገ። ከአገልግሎት ሲሰናበት የስንብቱን ዓይነት ለመወሰንም አይጠቀሙበትም። ጥበቃው አደጋው እስካለ ድረስ የሚቆይ ነው። «የተወሰነ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ ለሁሉም፣ ለሁልጊዜ አይደለም። ጠባብ ነው ብሎ መተቸት ይቻላል። የሚያደርገውን ግን በትክክል ያደርጋል፦ በጣም ተጨንቆ በጣም ዝም እንዲል የተገደደውን ሰው መርጦ አፉን ይፈታለታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጥናት በ2006 ታትሟል። ተመራማሪዎች ወደ አየር ኃይሉ የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የመጡ ከ1,000 በላይ ሰዎችን መዝገብ ተመለከቱ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ መምጣታቸው ሥራቸውን ጎዳው ወይ? በራሳቸው ፈቃድ ከመጡት 97 በመቶ ላይ ምንም ጉዳት አልታየም። አዛዥ አስገድዶ ከላካቸው መካከል ግን 39 በመቶ የሚሆኑት ላይ ጉዳት ደርሶ ነበር። ይህን ጥናት የምወደው የወንዱን ፍርሃት «ከንቱ ነው» ብሎ ስለማያጣጥለው ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሰዎች ያዩትና የሚያስታውሱት ተገድደው የሄዱትን፣ ነገሩ ከእጅ ካመለጠ በኋላ የደረሱትን ነው። ቀደም ብሎ በራሱ እግር ሄዶ፣ ታክሞ፣ ሥራውን የቀጠለውን ማን አየው? እሱ አያወራም፤ መዝገቡም ምስጢር ነው። በየሠፈሩ የሚወራው ታሪክ ከጅምሩ ያዘነበለ ነው ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ምን አሉ?

በ2003 አንድ ትልቅ ጥናት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከ1990 እስከ 2002 በአየር ኃይሉ ያገለገሉ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ያካተተ ነበር፤ 84 በመቶ የሚሆኑት ወንዶች ናቸው። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ዓመታት ከኋለኞቹ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራስን የማጥፋት ዕድል በ33 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ይበልጥ የሚያስገርመው ማንም በቀጥታ ያላነጣጠረባቸው ነገሮች አብረው መቀነሳቸው ነው። የሰው ግድያ በ51 በመቶ፣ በድንገተኛ አደጋ መሞት በ18 በመቶ፣ ከባድ የቤት ውስጥ ጥቃት በ54 በመቶ፣ መካከለኛው ደግሞ በ30 በመቶ ወረደ። የአባወራው የታፈነ ጭንቀት እሱ ላይ ብቻ እንደማይቆም የሚስትና የልጆቹ ገላ ያውቀዋል፤ እዚህ ላይ በቁጥር መጣ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ ቀላል ተብሎ የተመደበው የቤት ውስጥ ጥቃት በ18 በመቶ ከፍ አለ። በእኔ ግምት ይህ ጥቃቱ ስለበዛ ሳይሆን ነገሩ ሳይባባስ ወደ መዝገብ መምጣት ስለጀመረ ይመስላል፤ ከባዱ በግማሽ ሲወርድ ቀላሉ ብቻውን የሚጨምርበት ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ጥናቱ ግን ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያነጻጸረ አይደለም። በአዛዥ የሚመራን ሙሉ ሠራዊት እንዲህ መክፈል አይቻልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በመላው አሜሪካም ራስን የማጥፋት ቁጥር እየወረደ ነበር። ስለዚህ 33 በመቶው ሙሉ በሙሉ የፕሮግራሙ ሥራ ነው ብሎ መማል አይገባም። ከ11ዱ ሥራዎች የትኛው ምን ያህል እንደረዳም ለይቶ ማወቅ አይቻልም። እኔ ሦስቱን የመረጥኩት በራሴ ፍርድ ነው።

እጅ ሲላላ

ለፕሮግራሙ ጠንካራው ምስክር የመጣው ከመላላቱ ነው። በ2010 የወጣ ተከታይ ጥናት ከ1981 እስከ 2008 ያለውን ጊዜ ተመለከተ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ወዲህ ቁጥሩ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ኖሯል፤ ከአንድ ዓመት በስተቀር። ያም 2004 ነው። አጥኚዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲፈትሹ፣ በዚያ ዓመት የፕሮግራሙ ክፍሎች እንደ ሌላው ጊዜ በጥብቅ አልተተገበሩም ነበር። ወረቀቱ አለ፣ መመሪያው አልተሻረም፤ የሚከታተለው ግን ቀዝቅዟል። ክትትሉ ሲመለስ ቁጥሩም ተመልሶ ወረደ።

በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ይህ አይገርመውም። ፖስተሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ዓመታዊው ሥልጠና ፊርማ ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ አዛዦች ይቀየራሉ። አዲስ የሚገባ ወጣት ወታደር የ1996ን ድንጋጤ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ዛሬ ያለውን አለቃ ነው።

ታሪኩ በድል አይዘጋም። በቀጣዮቹ ዓመታት ቁጥሩ እንደገና ወደ ላይ ሄደ። በ2019 እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብቻ 78 የአየር ኃይሉ አባላት ራሳቸውን አጥፍተው ስለነበር፣ በወቅቱ ኢታማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ዴቪድ ጎልድፌይን እያንዳንዱ ክፍል መደበኛ ሥራውን ለአንድ ቀን አቁሞ በዚሁ ጉዳይ ላይ እንዲነጋገር አዘዘ። አንድ ቀን ምን ይፈይዳል የሚል ትችት መነሳቱ አይቀርም፤ እኔም ብቻውን ብዙ አይፈይድም ባይ ነኝ። ከ1996ቱ ሥራ ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፦ ያኔ የተቀየረው መርማሪው፣ ጠበቃው፣ አዛዡና ሐኪሙ በየዕለቱ የሚሠሩት ሥራ ነበር።

ወታደር ላልሆነው

ይህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ የሚቀሩ ነገሮች አሉ። ተራ ድርጅት ነጻ ክሊኒክ የለውም፣ ማኔጀሩ ሲያዝ ሁሉም አይሰለፍም፣ ሠራተኛውም ማታ የት እንደሚያድር ድርጅቱ አያውቅም። ሥራ የሌለው ወይም ብቻውን የሚሠራ ወንድ ደግሞ ጭራሽ «አዛዥ» የለውም።

የሚወሰደው ግን ቀላል አይደለም። ወንዶች የሚሰበሩባቸው ቀናት በአብዛኛው ይታወቃሉ፦ ከሥራ የሚሰናበትበት ቀን፣ የፍቺ ውሳኔ የሚሰማበት ቀን፣ ክስ የሚደርስበት ቀን፣ ባንክ ንብረቱን ለሐራጅ የሚያወጣበት ቀን። በእነዚህ ሁሉ ላይ ወረቀቱን የሚሰጥ አንድ ሰው አለ። የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ጠበቃ፣ የፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ የባንክ ባለሙያ። ከስብሰባው በፊት «ዛሬ ከዚህ ስትወጣ ከማን ጋር ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ «ከማንም» ከሆነ ደግሞ ለወንድሙ ወይም ለጓደኛው እንዲደውል ስልኩን አቀብሎ መጠበቅ በጀት አይጠይቅም። ሰውዬው ስለ መሞት ካወራ ወይም ተስፋ መቁረጡ ፊቱ ላይ ከተነበበ ብቻውን አለመተው፣ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ በግልጽ መጠየቅና አብሮ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በጭንቅላቱ ይተክልበታል የሚለው ፍርሃት ትክክል እንዳልሆነ ባለሙያዎች ደጋግመው አረጋግጠዋል።

ድርጅቶች ደግሞ ለወንድ ሠራተኞቻቸው የአእምሮ ጤና ቀን ከማክበራቸው በፊት በጽሑፍ ሊመልሱት የሚገባ ነገር አለ፦ አማካሪው የሰማውን ለማን ይናገራል? ማኅደሩ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ይከፍተዋል? በራሱ ፈቃድ ሄዶ የታከመ ሠራተኛ እድገት ሲወዳደር ይህ ይነሳበታል ወይስ አይነሳበትም? መልሱ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ በኃላፊው ተፈርሞ፣ ሠራተኛው እጅ ላይ ከደረሰ በኋላ «ተናገር» ማለት ይቻላል።